ጸሐፊዋ ዝም ትላለች

ቅዳሜ ጠዋት ቴሲ ፋሩጃ በገዛ ወጥ ቤቷ ተቀምጣ፣ እናታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እህቷ ማርለን እንደሆነች አነበበች። ጽሑፉ ስድስት ገጽ ነው። በኢሜይል ነበር የደረሳት። ስክሪን ላይ ማንበብ ስለማትወድ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ በገጽ ሃያ ሳንቲም አሳተመችው፤ ከዚያ ደግሞ ለማንበብ ፈርታ ከዳቦ ማስቀመጫው ሥር ሸጎጠችው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የድርሰት ክፍል ስላለ ማንበቡ ግድ ሆነባት። ታሪኩ የሚተረከው «እኔ» እያለ ነው። «እኔ» አሮጊት እናቷን ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች። ተረከዟ እንዳይሰነጠቅ በወይራ ዘይት ታሻታለች፤ ሾርባዋን በወንፊት ታጠልላለች፤ ክኒኗን ፈጭታ በአፕሪኮት ማርማላታ ታጎርሳታለች። ሪታ የምትባል እህትም አለቻት። ሪታ የምትኖረው ሩቅ ሰሜን፣ ታውንስቪል ነው። እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ለእናቶች ቀን ከሱቅ አበባ ታዛለች፤ አበባው ጠውልጎ ይደርሳል። ቴሲ እዚህ ላይ ስትደርስ ሻይዋ ቀዝቅዞ ነበር። ታውንስቪል ሃያ ዓመት የኖረችው ማርለን ናት። አበባውንም ትልክ የነበረችው ማርለን ናት። ቴሲ ከሰፈሯ ከሴንት አልባንስ ወጥታ ሌላ ቦታ ያደረችበትን የመጨረሻ ቀን እንኳ አታስታውሰውም።

ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የእናቷ ክፍል ይታያል። በሩን ዘግታው አታውቅም። የኪራዩን የሕመምተኛ አልጋ ባለቤቶቹ መጥተው ወስደውታል፤ የአልጋው እግሮች የቆሙበት ቦታ ግን ምንጣፉ ላይ እንደጎደጎደ ቀርቷል፤ በእርጥብ ጨርቅ ብትፈትገውም፣ በብረት ካውያ ብትተኩሰውም አልተነሣም። መጋረጃው ያው ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የቫሌታ ወደብ ሥዕልም ያው ነው፤ እናቷ በሰባት ዓመቷ የለቀቀችውን አገር የምታውቀው በዚያ ሥዕል ነበር ማለት ይቻላል። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ቤቱ መልሶ ጸጥ ይላል።

ጽሑፉ ውሸት በውሸት ቢሆን ይሻላት ነበር። የወይራ ዘይቱ ልክ ነው። ወንፊቱም ማርማላታውም ልክ ነው። እናታቸው ስትታጠብ እጆቿን ደረቷ ላይ አመሳቅላ ግድግዳ ግድግዳውን ማየቷ ሳይቀር ልክ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ የነገረቻት ራሷ ቴሲ ናት። እሁድ እሁድ ሲደዋወሉ ሌላ ወሬ ስለማይገኝ የሳምንቱን ሥራዋን ትተርክላት ነበር። በወዲያኛው ጫፍ ሳህን ሲንቃጫል፣ ቧንቧ ሲከፈት ይሰማል። ማርለን «እህ… እህ…» ትላለች፤ ቴሲም «ይቺ ልጅ እየሰማችኝ አይደለም» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። ለካ አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ብቻ ከቴሲ የመጣ አይደለም። እዚያ ላይ እናቲቱ የልጇን እጅ ይዛ፣ «ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ትላለች፤ በማግስቱ ትሞታለች። እናታቸው እንዲህ ብላ አታውቅም።

ወደ ኮርሱ ቀድማ የገባችው ቴሲ ናት። ከቀብሩ በኋላ ሰው የሚያናግራት ዳቦ ቤት ብቻ የሆነ ጊዜ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «የሕይወትዎን ታሪክ ይጻፉ፤ ስምንት ቅዳሜ፣ ስድሳ አምስት ዶላር፣ ለጡረተኛ ቅናሽ አለ» የሚል ወረቀት አየችና ተመዘገበች። ማርለን ከባሏ ተለያይታ ወደ ሜልበርን ተመልሳ ፉትስክሬይ ሰፈር አፓርታማ እንደተከራየች ሰሞን፣ ቴሲ ወሬ ለማስረዘም ብላ ስለ ክፍሉ ነገረቻት። በሦስተኛው ቅዳሜ ማርለን እርጥብ ጃንጥላዋን እያራገፈች ከች አለች። አስተማሪዋ ኢሞጀን ራስሽን አስተዋውቂን ስትላት፣ «ማርለን ሆልት እባላለሁ፤ ከዚህ በፊት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ» ብላ ተቀመጠች። ቴሲ፣ ማርለን «እህቴም እዚህ አለች» እስክትል ጠበቀች። ማርለን ደግሞ ቀድማ የገባችው ቴሲ እንድትናገር ጠብቃ ይሆናል። አንዳቸውም አልተናገሩም። በሚቀጥለው ሳምንት መናገር ትንሽ ያሳፍር ነበር፤ ከዚያ በኋላማ ጨርሶ የሚቻል አልሆነም። መልካቸው አይመሳሰል፣ ማርለን የባሏን ስም ስለያዘች የአባት ስማቸው አይገናኝ። በሻይ ሰዓት «ስኳር ታቀብዪኛለሽ?» እየተባባሉ እንደ ባዕድ ሰነበቱ።

ቴሲ እስካሁን ያቀረበቻቸው ሁለት ጽሑፎች ስለ ጎረቤቷ የሎሚ ዛፍና ስለ ጠፋች ድመት ነበሩ። ኢሞጀን በትሕትና፣ «ንጹሕ ጽሑፍ ነው። ግን አንቺ የት ነሽ?» ብላት ነበር። ቴሲ የት እንዳለች ታውቃለች። ያላት አንድ ታሪክ ነው፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ስንቴ ጀምራው ስንቴ ትታዋለች። «እናቴን» ብላ ትጽፍና እጇ ይቆማል። አሁን ታሪኩ በጥሩ ፊደል ተተይቦ፣ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት እጇ ላይ አለ። ዛሬ አፏን ካልከፈተች ለዘላለሙ የማርለን ሆኖ ይቀራል። በባቡር ክፍሉ ወዳለበት ወደ ሰንሻይን ስትሄድ የምትለውን ተለማመደች፤ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ «ይህ የኔ ታሪክ ነው። ያስታመምኳት እኔ ነኝ» እያለች። አጠገቧ የተቀመጠች ተማሪ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና ዘፈን ትሰማለች። ባቡሩ በመጋዘኖችና በተከመሩ አሮጌ መኪናዎች መሀል አለፈ። ጣቢያው አጠገብ ወርዳ አተር የተሞላ፣ ሳምቡሳ የሚመስል ፓስቲዚ ገዛች፤ አንዱ ሁለት ዶላር ከስልሳ ገብቷል፤ ባለፈው ወር ሁለት ከሠላሳ ነበር። የዛሬው የምግብ ተራ የእሷ ነው።

ክፍሉ ድሮ የሰው መኖሪያ በነበረ፣ አሁን ለሰፈሩ ማኅበር በተሰጠ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። የሰሞኑ ጉንፋን ብዙዎቹን አስቀርቷቸው ረጅሙ ጠረጴዛ ባዶ ባዶ ይላል። ከማንም ቀድሞ የሚመጣው ዴዝሞንድ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጨረቃ ላይ ስለተሠራ የባቡር ሐዲድ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሽማግሌ። ቀጥላ ሊየን ገባች፤ መድኃኒት ቤቷን ለባሏ ትታ የምትመጣ፣ ሁሌም ቀይ እስክሪብቶ የምትይዝ ሴት።

«ፓስቲዚ!» አለ ዴዝሞንድ ከረጢቱን አሽትቶ። «ቴሲዬ፣ አንቺን ማን እንደላከልን አላውቅም።»

«ሐኪምህ ቅባት ተው አላለህም?» አለች ሊየን።

«ብሎኛል። እሱም ራሱ አንድ ቀን ይሞታል።»

ማርለን መጨረሻ ላይ ገባች። ከቴሲ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ሰላም አለቻት፤ ቴሲም ሰላም አለቻት። ማርለን ከስታለች፤ ወረቀቶቿን አንዴ ታስተካክላለች፣ አንዴ ትበትናለች።

የክፍሉ ሕግ አንድ ነው፤ ጽሑፏ የሚታይላት ሰው ዝም ትላለች። አንድ ገጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብና ከዚያ አፏን ትይዛለች። አታብራራም፤ አትከላከልም። ሌሎቹም «አንቺ» አይሏትም፤ «ተራኪዋ» ነው የሚሏት። እውነት ይሁን ፈጠራ አይጠየቅም። ኢሞጀን ገና ከመጀመሪያው፣ «ጸሐፊው እዚህ እንደሌለ ቁጠሩት፤ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው» ብላቸዋለች። ጸሐፊዋ የምትናገረው በመጨረሻ፣ ሁሉም ብሎ ሲጨርስ ነው።

ማርለን የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ድምፅዋ ስልክ ላይ ከሚሰማው ይቀጥናል። ስትጨርስ ወረቀቱን ገለበጠችና እጇን ላዩ ላይ አደረገች።

«እሺ» አለች ኢሞጀን። «ስለ ተራኪዋ እንጀምር።»

«እኔ ይህቺን ሴት ባገባት ደስ ይለኛል» አለ ዴዝሞንድ።

«እንድታስታምምህ?» አለች ሊየን።

«ታዲያስ! ማን ይጠላል?» ሳቀና ወዲያው ሳቁን አቆመ። «የምሬን ነው። ሾርባውን በወንፊት የምታጠልልበት ቦታ… ማንም አያያትም እኮ። ማንም ‹ጎሽ› አይላትም። ግን በማግስቱ ተነሥታ ያንኑ ታደርጋለች። እንዲህ ያለ ሰው በጋዜጣ አይወጣም።»

ቴሲ የሻይ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ የተወውን ክብ ምልክት በጣቷ እየተከተለች ሰማችው። እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሰዎች የሚያቅፉት ማርለንን ነበር፤ ከሩቅ የመጣችው እሷ ናት፣ በአውሮፕላን ደክማለች፣ ዓይኗ አብጧል። ቴሲን «ምን ትጠጪያለሽ?» እንኳ ያላት የለም፤ ሻይ የምታቀርበው እሷ ነበረች። አሁን አንድ ባዕድ ሽማግሌ አፉ ላይ ፓስቲዚ ተፈርፍሮበት የልቡን ይነግራታል፤ ግን ለእሷ እየነገራት መሆኑን አያውቅም።

«እኔ ጥሩነቷ በዛብኝ» አለች ሊየን። «አንድ ቀን እንኳ አትናደድም። መድኃኒት ቤቴ የሚመጡ አስታማሚዎች እንዲህ አይደሉም። ባለፈው አንዷ ዳይፐር ጠይቃኝ የምትፈልገው ዓይነት ስላልነበረ አልቅሳ ወጣች። ይህቺ ግን ቅድስት ናት። ቅዱሳን ታሪክ ላይ አይመቹኝም።»

ቴሲ ሳታስበው ፈገግ አለች። ከቤቱ ጎን ያለው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገብታ፣ በሩን ዘግታ የጮኸችባቸው ቀኖች ነበሩ። በስልክ አልነገረቻትም፤ ስለዚህ ማርለን አልጻፈችውም።

«እህቲቱስ?» አለች ኢሞጀን።

«እሷን ተይኝ» አለ ዴዝሞንድ። «አበባ ልካ ተገላገለች። ብትገጥመኝ የምላት ሁለት ቃል ነበረኝ።»

«ዴዝ፣ ገጸ ባሕርይ እኮ ናት» አለች ሊየን።

«ገጸ ባሕርይም ብትሆን። እናትሽ እየሞተች የአየር ጠባይ ታወሪያለሽ? ‹እዚህ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ነው› ትላለች። አየሻት? ገጽ አራት ላይ ነው።»

ቴሲ ቀና አለች። ማርለን አንገቷን ደፍታ የሚባለውን እየጻፈች ነበር። በእስክሪብቶዋ «አበባ ልካ ተገላገለች» የሚለውን ስትጽፍ ከጠረጴዛው ማዶ ተገልብጦም ቢሆን ይነበባል። ጆሮዋ ቀልቷል። ጠዋት ስታነብ ቴሲ ያየችው የተወሰደባትን ብቻ ነበር፤ ሪታን የጻፈቻት ማን እንደሆነች አላሰበችም። ያንን የጠወለገ አበባ፣ ያንን ሠላሳ ሁለት ዲግሪ፣ ማንም ሳያስገድዳት እዚያ ያስቀመጠችው ማርለን ራሷ ናት። አስቀምጣውም ሰው ሁሉ ሲሰድባት ዝም ብላ ለመስማት መጣች።

«መጨረሻው ግን ቆንጆ ነው» አለ ዴዝሞንድ። «‹አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር›። እዚያ ላይ አለቀስኩ፤ አላፍርም።»

«ቴሲ» አለች ኢሞጀን፣ «ዛሬ ዝም አልሽ።»

በባቡር የተለማመደችው አፏ ላይ ነበር። «ይህ የኔ ታሪክ ነው» ማለት ብቻ ነው። ሕግ መጣስ ነው፣ ግን ይቅር ይሏታል፤ ይባስ ብሎ ተነሥተው ያቅፏታል። ዴዝሞንድ ያለውን ሁሉ በስሟ ይደግምላታል። ማርለን እስክሪብቶዋን አቁማ ጠበቀች። የሚመጣውን ያወቀች ትመስል ነበር፤ ትከሻዋ እንደሚመታ ሰው ትከሻ ጠብቋል።

«መጨረሻውን አላመንኩትም» አለች ቴሲ።

«ለምን?»

«እናቲቱ አታመሰግናትም። ተራኪዋን የምታውቃት አይመስለኝም። መጀመሪያ አካባቢ ስሟን ትረሳለች። ከዚያ በኋላ… በእህቲቱ ስም ነው መጥራት ያለባት። ‹ሪታ› እያለች። በመጨረሻው ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊትም ለረጅም ጊዜ። ስትታጠብም፣ ስትጎርስም። ‹ሪታዬ መጣሽልኝ?› እያለች።»

ውጭ መኪና ኩሬ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው ሲረጭ ተሰማ።

«ኧረ ክፉ ነሽ አንቺ» አለ ዴዝሞንድ በቀስታ።

«ልክ ናት ግን» አለች ሊየን፤ ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። «እንዲያ ከሆነ የቀረችው አትታይም ማለት ነው። እናቲቱ በዓይኗ የምታየው የሄደችውን ነው። የሄደችው ደግሞ ይህን አታውቅም።»

«አታውቅም» አለች ቴሲ። «ማንም አልነገራትም።»

ያልነገረቻት የሚነገር ስላልነበረ ነው። እናታቸው በመጨረሻው ዓመት ቴሲ የምትባል ልጅ መውለዷን ረስታ ነበር። ጠዋት መጋረጃው ሲከፈት ዓይኗ ይበራና «ማርለን» ትላለች፤ ፊቷ እንዲያ ሲበራ ቴሲ በልጅነቷም አይታው አታውቅም። እሁድ ስልኩ ሲደወል ደግሞ «ማን ናት?» ትላለች፤ «ማርለን ናት» ስትባል በንዴት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ማርለን እዚህ አልጋው አጠገብ ናት እንጂ! ቴሲ ስልኩን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ትወጣለች፤ «እማ ተኝታለች» ትላለች። የሾርባውንና የዘይቱን ወሬ የምትዘረዝረውም ይቺን አንድ ነገር ለመዝለል ነበር።

ማርለን አልጻፈችም። እጇ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። አፏ ተከፈተ፤ መናገር እንደማይፈቀድላት ትዝ ሲላት ተዘጋ። ኢሞጀን ስለ ተራኪው እይታ፣ ስለ መጨረሻ መስመሮች ብዙ አለች፤ ዴዝሞንድ ደግሞ ለእናቲቱ ምስጋና ተከራከረ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ማርለን የምታየው ቴሲን ብቻ ነበር። እንዲህ አድርገው ፊት ለፊት ሳይተያዩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ቴሲ አታውቅም።

«እሺ፣ አሁን የጸሐፊዋ ተራ ነው» አለች ኢሞጀን በመጨረሻ። «ማርለን፣ የምትዪው ካለ።»

ማርለን ውሃ ጠጣች። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ለቴሲ።» ቀስ ብላ ተናገረች፣ ቃል እየመረጠች። «በሌላዋ ስም ስትጠራት፣ ተራኪዋ ምን ትላለች? ‹እኔ አይደለሁም› አትልም?»

«መጀመሪያ ሰሞን ትላለች።»

«ከዚያስ?»

«እናቲቱ ስታለቅስባት ጊዜ ትተወዋለች።»

«ታዲያ ምን ትላለች?»

«‹አቤት› ትላለች» አለች ቴሲ።

ኢሞጀን ግሩም ነው አለችና የዴዝሞንድን ምዕራፍ አወጣች። ቀሪው ሰዓት ጨረቃ ላይ በተበላሸ የባቡር ፍሬን አለፈ። ሊየን መሐንዲሱ ለምን ሚስት እንደሌለው ጠየቀች፤ ዴዝሞንድ ደግሞ ጸሐፊ ዝም ይላል የሚለውን ሕግ ሁለት ጊዜ ጣሰ። ቴሲ ገጾቹን ስታገላብጥ ቆየች፤ አንድም መስመር አልገባትም።

ሲበተኑ ቴሲ ሳህኑን ለማጠብ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። በተከፈተው በር ዴዝሞንድ ኮቱን እየለበሰ ወደ ማርለን ሲጠጋ አየችው።

«እንደማይጠየቅ አውቃለሁ» አለ። «ግን ሽማግሌ ነኝ፤ ይፈቀድልኝ። ጥሩ ልጅ ነበርሽ። እናትሽ ብታውቅም ባታውቅም።»

ማርለን ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ አይደለሁም» አለች።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ዴዝሞንድ እየሳቀ። «ተራኪዋ ናት።» ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት ወጣ።

ማርለን ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ዞር ብላ ቴሲን አየቻት፤ እንደምታስፈቅድ ሁሉ። ቴሲ ሳህኑን ማድረቅ ቀጠለች። ጠዋት ሙሉ የተመኘችው ነገር ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ ቃል ቢባል ሽማግሌው ከመኪናው ይመለሳል፣ ሊየንም ትመለሳለች። አሁን ግን ሰው ከቦ ሲያያት ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳይ ማሰቡ ብቻ አደከማት። «ተይው» እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። የዴዝሞንድ መኪና ተነሥቶ ሄደ።

ዝናቡ በርትቶ ስለነበር፣ ማርለን «ላድርስሽ» ስትላት እንቢ አላለችም። መኪናዋ ከታውንስቪል ነድታ ያመጣቻት ትንሽዬ ናት፤ የኋላው ወንበር ላይ ገና ያልተከፈቱ ካርቶኖች አሉ። ማርለን ቁልፉን አስገባች፣ አላዞረችውም። ሁለቱም ወደ ፊት፣ ውሃ የሚወርድበትን መስታወት እያዩ ተቀመጡ። ከጎዳናው ማዶ የአንድ መድኃኒት ቤት አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል።

«ገጹ ላይ ስምሽን ልጻፍበት ብዬ አስቤ ነበር» አለች ማርለን። «ከዚያ ‹እኔ› ብዬ ስጽፈው እዚያ የነበርኩ መሰለኝ። ለትንሽ ጊዜ።»

ቴሲ በጎኗ ያለውን መስታወት ጉም በጓንቷ ጠረገች።

«ሌላስ?» አለች ማርለን።

«ሌላ ምን?»

«ያልነገርሽኝ።»

ቴሲ አሰበች። መኪና ማቆሚያው ውስጥ የጮኸችው ነበር። እናታቸው ያላየችው የልደት ኬክ ነበር። የአልጋው ሰዎች መጥተው አልጋውን ሲፈቱት፣ ብሎኑ እንቢ ብሏቸው፣ ራሷ መፍቻ አምጥታ የፈታችው ነበር። ብዙ ነበር፤ ከየት እንደሚጀመር አላወቀችም፤ አንዱን ብትስብ ሁሉም ተያይዞ የሚመጣ መሰላት። ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀችው። ማርለን ሳህን የምታጥብበት፣ ቧንቧ የምትከፍትበት ቦታ አልነበረም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቅ ነበር።

«ማሞቂያውን ክፈቺው» አለች ቴሲ። «ወሬው ጊዜ ይወስዳል።»